ዶሮ ዓይኗ ሲፈዝና ሚዛኗን ስትስት ምን ማድረግ ይገባል?

ትናንት ከቆጥ ወርዳ ጥሬ ስትለቅም የዋለች ዶሮ ዛሬ ጥሬውን ስታ አጠገቡ ያለውን አፈር ስትነቁር፣ አንገቷን ጠምዝዛ በአንድ አቅጣጫ ስትሽከረከር ወይም ሁለት እርምጃ ተራምዳ በጎኗ ስትወድቅ ማየት በገጠርም ሆነ በከተማ ለሚኖሩ ዶሮ አርቢዎች እንግዳ ነገር አይደለም። በብዙ ቤት የሚወሰደው ርምጃም ከሁለት አንዱ ነው። “ሳትሞት ትታረድ” ተብሎ ቢላ ይሳላል፤ አልያም በማግሥቱ ወደ ገበያ ትወሰዳለች።

ሁለቱም ውሳኔዎች የተቻኮሉ ናቸው። ሕመሙ ተላላፊ ከሆነ በእርድ ጊዜ የሚፈሰው ደም፣ የሚበተነው ላባና በየጥጉ የሚጣለው አንጀት የአንድን ጓሮ በሽታ የመንደር በሽታ ያደርገዋል። ወደ ገበያ የተወሰደችው ዶሮም ከሌሎች ጋር እግሯ ታስሮ ስትውል በሽታውን ለማታውቃቸው መንደሮች ታከፋፍላለች። ሕመሙ ተላላፊ ካልሆነ ደግሞ በጥቂት ቀናት እንክብካቤ ልትድንና ለወራት እንቁላል ልትጥል የምትችል ዶሮ ያለ ምክንያት ትጠፋለች።

ጉዳዩ ቀላል አይደለም። ለብዙ እናቶች አራትና አምስት ዶሮ ማለት የልጅ ደብተር፣ የጨውና የቡና መግዣ፣ ለበዓልም የቤት መዋያ ነው። በ2015 ዓ.ም ይፋ የሆነው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብርም የእንቁላልና የዶሮ ሥጋ ልማትን ከዋና ሥራዎቹ አንዱ አድርጓል፤ በከተማ ጓሮዎችም ዶሮ ማርባት እየተለመደ መጥቷል። በመሆኑም የታመመችን ዶሮ ምልክት ማንበብ መቻል ለእያንዳንዱ አርቢ የሚያስፈልግ እውቀት ነው።

ዓይንና ሚዛን እንዴት ይያያዛሉ?

የዶሮ ዓይኖች በጭንቅላቷ ግራና ቀኝ የተቀመጡ በመሆናቸው አንገቷን ሳታዞር አብዛኛውን አካባቢዋን ታያለች። ስትራመድ ጭንቅላቷን ወደፊትና ወደኋላ የምታንቀሳቅሰውም የምታየው ነገር እንዳይወዛወዝባት፣ ምስሉ እንዲረጋላት ነው። ስለዚህ አንድ ዓይኗ የታወረ ዶሮ ወደ ጎን ማዘንበል፣ በታወረው ዓይን በኩል ካለ ግድግዳ ጋር መጋጨት፣ ጥሬውን አልፋ መንቆር ይታይባታል። ይህ ግን የዓይን እንጂ የሚዛን ችግር አይደለም።

የሚዛን መቆጣጠሪያው በላባ በተሸፈነው ጆሮዋ ውስጠኛ ክፍልና በአንጎሏ የኋለኛ ክፍል ይገኛል። እነዚህ ሲጎዱ ዓይኗ በደንብ እያየም ትወድቃለች፤ አንገቷ ይጠመዘዛል፤ አንዳንዴም ጭንቅላቷ ወደ ኋላ ተቀልብሶ ሰማይ ሰማይ ታያለች። ከአንጎል ወደ እግር የሚሄዱት ነርቮች ሲጎዱ ደግሞ ጭንቅላቷ ደህና ሆኖ እግሯ ይሰንፋል። አርቢው ሦስቱን ለይቶ ማየት ከቻለ ለእንስሳት ጤና ባለሙያው የሚሰጠው መረጃ ትልቅ ዋጋ አለው።

መለየቱ አስቸጋሪ አይደለም። ዶሮዋን ጸጥ ባለ ቦታ አስቀምጦ ንፋስ ሳይፈጥሩ እጅን ከጎን ቀስ አድርጎ ወደ ዓይኗ ማስጠጋት፤ ካላፈገፈገች ወይም ካልጨፈነች በዚያ በኩል ላታይ ትችላለች። ጥሬን በግራና በቀኝ ተራ በተራ አስቀምጦ የትኛውን እንደምትስት መመልከትም ይረዳል። ከዚያም ከሥሯ በሁለት እጅ ከፍ አድርጎ ጣቶቿ እንጨት መያዝ አለመያዛቸውን፣ መሬት ላይ ስትቀመጥም በሁለቱም እግሯ እኩል መቆም አለመቆሟን ማየት ይገባል።

በቅድሚያ የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ምልክቱ የታየው በአንዲት ዶሮ ብቻ ነው ወይስ በሌሎቹም? ዕድሜዋ ስንት ነው? ክትባት ወስዳለች? ከየትኛው? በዚህ ሳምንት አዲስ ዶሮ ከገበያ ገብቷል? መኖው ተቀይሯል? በቤቱ ወይም በማሳው ላይ ፀረ ተባይ ተረጭቷል? ጭልፊት፣ ድመት ወይም ውሻ አሳድዷታል? የእነዚህ መልስ መንስኤውን ከግማሽ በላይ ይጠቁማል።

ፈንግል

በርካታ ዶሮዎች በአንድ ሳምንት ውስጥ ከታመሙ በቅድሚያ የሚጠረጠረው ፈንግል ነው። በሽታው በቫይረስ የሚመጣ ሲሆን በሳይንሳዊው ዓለም የኒውካስል በሽታ በመባል ይታወቃል፤ ስያሜውን ያገኘው በሽታው በ1920ዎቹ አጋማሽ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከታየባት የእንግሊዝ ከተማ ነው። ዶሮዎች ይጨፈግጋሉ፤ ላባቸውን ያንጨፈርራሉ፤ አረንጓዴ ያስቀምጣቸዋል፤ አፋቸውን ከፍተው ያጓራሉ፤ እንቁላል ይቀንሳሉ። ቀናት ሲቆጠሩ የአንገት መጠምዘዝ፣ መንቀጥቀጥ፣ የክንፍና የእግር ሽባነት ይከተላል። ባልተከተቡ ዶሮዎች ላይ ከባዱ ዓይነት ሲገባ ቤቱን ባዶ ሊያስቀር ይችላል።

ፈንግል ፈዋሽ መድኃኒት የለውም። ከሞት የተረፉት ግን አንገታቸው እንደተጣመመ ወይም ጭንቅላታቸው እየተንቀጠቀጠ ሊቀሩ ይችላሉ። እንዲህ ያለች ዶሮ በእንክብካቤ መብላትና መጠጣት ልትቀጥል ብትችልም፣ ካገገመች በኋላም ለተወሰነ ጊዜ ቫይረሱን ማስተላለፏ ስለማይቀር ከሌሎቹ ጋር በፍጥነት መቀላቀል የለባትም። ቫይረሱ በሰው ላይ ቀላል የዓይን መቅላት ሊያስከትል ስለሚችል የታመመችውን የያዘ ሰው እጁን ሳይታጠብ ዓይኑን መንካት አይኖርበትም።

የማሬክስ በሽታ

ዶሮዋ ቄብ ከሆነች፣ ማለትም እንቁላል መጣል ከመጀመሯ በፊት ባለው ዕድሜ ላይ ካለች፣ የማሬክስ በሽታ ይታሰባል። ስሙን ያገኘው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1907 በሽታውን ለመጀመሪያ ጊዜ ከገለጸው ሀንጋሪያዊው የእንስሳት ሐኪም ዮዜፍ ማሬክ ነው። ዋና መለያው አንድ እግር ወደፊት፣ ሌላው ወደ ኋላ ተዘርግቶ መተኛት ነው። ዓይንም ይጎዳል፤ ቡናማ ወይም ብርቱካናማ የነበረው የዓይን ብሌን ዙሪያ ወደ ግራጫነት ይለወጣል፤ ብሌኑ ክብነቱን አጥቶ ይጨማደዳል፤ ቀስ በቀስም ትታወራለች።

በሽታው ከላባ በሚረግፍ ብናኝ ስለሚተላለፍ በዶሮ ቤት አቧራ ውስጥ ለወራት ይቆያል። ለእርሱም ፈዋሽ መድኃኒት የለም። ክትባቱ የሚሰጠው ጫጩት በተፈለፈለች በመጀመሪያው ቀን በመሆኑ አርቢው ማድረግ የሚችለው ጫጩት ወይም ቄብ ሲገዛ “የማሬክስ ክትባት ወስዳለች?” ብሎ ማስፈንጫውን መጠየቅና ማስረጃ መያዝ ነው። በሽታው ወደ ሰው አይተላለፍም።

የምግብ ጉድለት

ዶሮዋ ብቻዋን ከታመመች፣ ወይም ሁሉም ዶሮዎች ቀስ በቀስ እየደከሙ ከሄዱና ትኩሳትም ሆነ ተቅማጥ ካልታየ መኖውን መመርመር ይገባል። በሰው ላይ ዳፍንት የሚያስከትለው የቫይታሚን ኤ እጥረት በዶሮም ላይ ይከሰታል። ዓይኗ ያነባል፤ ቅንድቧ ይጣበቃል፤ ከቅንድቡ ሥር አይብ የመሰለ ነጭ ነገር ይጠራቀማል፤ አካሄዷም ይዛነፋል። ይህ በብዛት የሚታየው በነጭ በቆሎ፣ በስንዴ ወይም በገብስ ብቻ ተዘግተው በሚያድሩ፣ ቅጠል በማያገኙ ዶሮዎች ላይ ነው። ቢጫ በቆሎ፣ ጎመን፣ አልፋልፋ፣ ካሮትና የበሰለ ፓፓያ ጉድለቱን ለመሙላት ይረዳሉ።

የቫይታሚን ቢ አንድ እጥረት ደግሞ ጭንቅላትን ወደ ኋላ ቀልብሶ ሰማይ የሚያሳየውን ምልክት ያመጣል። በዚህ ምክንያት የታመመች ዶሮ ቫይታሚኑ ሲሰጣት ፈጥና መሻሻል ታሳያለች። የቆየና የገማ ቅባት ያለበት መኖ ቫይታሚን ኢን ስለሚያጠፋ ገና ሳምንታት ያስቆጠሩ ጫጩቶች እንዲንገዳገዱና በጀርባቸው እንዲወድቁ ያደርጋል። ስለዚህ መኖ ሲገዛ ሽታውን ማሽተት፣ በእርጥበት የሻገተውንም መጣል ያስፈልጋል።

መርዝ

በዘር ወቅት በፀረ ተባይ የታሸ ዘር መሬት ላይ ሲበተን ዶሮዎች ይለቅሙታል። ለቁንጫና ለቅማል ተብሎ በዶሮዋ ገላ ላይ ያለ ልክ የሚፈስ ፀረ ተባይም እንዲሁ ነርቭን ይመታል፤ ለሀጭ ይዝረከረካል፣ ይንቀጠቀጣሉ፣ ይወድቃሉ። ጨው የበዛበት የወጥ ትራፊ፣ ከተጣለ አሮጌ ባትሪ የሚለቀም ስብርባሪም መርዝ ነው።

ከሁሉ የሚዘነጋው የበሰበሰ ጥንብ ነው። ዶሮዎች ከጥንብ ላይ ትል ሲለቅሙ በውስጡ የተፈጠረ መርዝ ይገባቸውና አንገታቸው እንደ ጨርቅ ይልፈሰፈሳል፤ ጭንቅላታቸውን ማንሳት ይሳናቸዋል። በመርዝ የተጠረጠረች ዶሮ ካለች ቀሪዎቹን ከቦታው ፈጥኖ ማራቅና ንጹሕ ውኃ ማቅረብ፣ የመርዙን ማሸጊያም ይዞ ወደ ባለሙያ መሄድ ይገባል።

በዓይን ላይ ብቻ የሚያርፉ ችግሮች

ሁሉም የዓይን ችግር የአንጎል በሽታ አይደለም። ተጣባቂ ቁንጫ በዓይን ዙሪያና በኩክኒ ላይ እየተጣበቀ ዓይንን እስከ ማሳወር ይደርሳል። የዶሮ ፈንጣጣ በወባ ትንኝ ዓይነት ነፍሳት ንክሻ ስለሚተላለፍ በዝናብ ወራት ይበዛል፤ በኩክኒና በቅንድብ ላይ የሚወጣው ቅርፊት ዓይንን ይዘጋል። ፊቷ ያበጠ፣ ከአፍንጫዋ መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ የሚወጣ ከሆነ ደግሞ ባለሙያ የሚያዝዘው መድኃኒት የሚረዳው የመተንፈሻ አካል በሽታ ሊሆን ይችላል።

ለረጅም ጊዜ ያልተጠረገ፣ ርጥበት ያለበት የዶሮ ቤት ኩስ የሚያወጣው የሚቆጠቁጥ ጋዝም ዓይንን ያቃጥላል። ምርመራው ቀላል ነው፤ አርቢው በዶሮዋ ቁመት ልክ ጎንበስ ብሎ ሲተነፍስ ዓይኑንና አፍንጫውን ከቆጠቆጠው ዶሮዋንም ያቃጥላታል። መፍትሔውም ኩሱን መጥረግ፣ ደረቅ ጭድ ማንጠፍና መስኮት መክፈት ነው።

የቤት ውስጥ እንክብካቤ

መንስኤው ታወቀም አልታወቀ የመጀመሪያው ሥራ መለየት ነው። የታመመችው ዶሮ ሌሎቹ ወደማይደርሱበት፣ ጸጥ ወዳለና ነፋስ ወደማይመታው ቦታ ትወሰድ። ጤነኞቹ በቅድሚያ ይመገቡ፤ የታመመችው በመጨረሻ። የእርሷ መመገቢያና መጠጫ ለብቻ ይሁን፤ ከእርሷ ዘንድ የሚወጣ ሰውም እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ ጫማውን ይቀይር። ከገበያ የመጣች አዲስ ዶሮም ቢያንስ ለሁለት ሳምንት በዚሁ መንገድ ተለይታ ብትቆይ ይመረጣል።

ሚዛኗን የሳተች ዶሮ ቆጥ ላይ መውጣት የለባትም። ወለሉ ላይ ወፍራም የጤፍ ጭድ የተነጠፈበት ካርቶን ወይም ሳጥን ይበቃታል። በጎኗ የምትወድቅ ከሆነ በጨርቅ የተጠቀለለ ድጋፍ በግራና በቀኝ ማድረግ ቀጥ ብላ እንድትቀመጥ ይረዳታል። የተኛችበትን ጎን በቀን ጥቂት ጊዜ መቀያየርና ኩሷን ማጽዳት ደረቷና እግሯ እንዳይቆስል ይከላከላል። የጤነኛ ዶሮ የሰውነት ሙቀት 41 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ በመሆኑ በደጋ ሌሊት ደካማዋ ፈጥና ትቀዘቅዛለች፤ ሙቅ ውኃ የተሞላና በጨርቅ የተጠቀለለ ፕላስቲክ ጠርሙስ አጠገቧ ማስቀመጥ ይጠቅማል።

ብዙ ዶሮዎች የሚሞቱት በበሽታው ብቻ ሳይሆን መኖውንና ውኃውን ማግኘት አቅቷቸው ነው። አንዲት እንቁላል ጣይ ዶሮ በቀን ከ100 እስከ 120 ግራም መኖና ሩብ ሊትር ገደማ ውኃ ትፈልጋለች፤ በሙቀት ጊዜ ውኃው ይጨምራል። ለማታየው ዶሮ መመገቢያው ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ይቀመጥ፤ በምግብ ሰዓት ዕቃውን በጣት ኳ ኳ ማድረግ ድምፁን ተከትላ እንድትመጣ ያለማምዳታል። ውኃው ጥልቀት በሌለው ዕቃ ይሁን፤ ጭንቅላቷ ወድቆ እንዳትታፈን ንጹሕ ጠጠር ቢጨመርበት ይመረጣል።

ጥሬ መልቀም ያቃታት ዶሮ በውኃ የራሰ መኖ ወይም ተቀቅሎ የተፈጨ እንቁላል በወፍራሙ ይቅረብላት። ምንቃሯን በእርጋታ ወደ ምግቡ ማስነካት ብዙ ጊዜ ይበቃል። ውኃ በጠብታ ሲሰጣት በምንቃሯ ጠርዝ በኩል ጠብ እያደረጉ ራሷ እስክትውጠው መጠበቅ ይገባል። በግዳጅ ወደ ጉሮሮዋ የሚንቆረቆር ውኃ ወደ ሳንባዋ ገብቶ ሊገድላት ይችላል። ማታ ማታ ከአንገቷ ሥር፣ በደረቷ አናት ላይ ያለውን የምግብ ማጠራቀሚያ ከረጢት በጣት መዳሰስ በቂ መብላቷን ያሳያል፤ በየሁለትና ሦስት ቀኑ መመዘን ደግሞ እየዳነች ወይም እየከሳች መሆኗን ይናገራል።

ለተጣበቀ ዓይን ግማሽ ሊትር ውኃ አፍልቶ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው መጨመርና ሲቀዘቅዝ በንጹሕ ጥጥ ማጠብ በቂ ጅምር ነው። ለእያንዳንዱ ዓይን የተለየ ጥጥ ያስፈልጋል። የደረቀውን ነገር በኃይል መላጥ ግን ዓይኑን ያቆስላል።

በመድኃኒት ስም የሚፈጸሙ ስህተቶች

ፌጦ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ሎሚ ወይም አረቄ በዶሮ አፍ ውስጥ ማፍሰስ በየአካባቢው ይታወቃል። እነዚህ ፈንግልንም ሆነ ማሬክስን አይፈውሱም፤ ለመዋጥ አቅም ላጣች ዶሮ ደግሞ የመታፈን አደጋ ናቸው። ሎሚና በርበሬን ወደ ዓይን መጨመር ጉዳቱን ያባብሳል።

ለሰው የተዘጋጀ የቴትራሳይክሊን ፍሬ ፈትቶ በውኃ መስጠትም የተለመደ ስህተት ነው። ፀረ ተህዋሲያን መድኃኒት ቫይረስን አያጠፋም፤ ያለ ልክ ሲሰጥ ደግሞ ተህዋሲያን መድኃኒቱን እንዲለማመዱት ያደርጋል፤ ቅሪቱም በእንቁላሉ በኩል ወደ ቤተሰቡ ማዕድ ይመለሳል። መድኃኒት በባለሙያ ከታዘዘ እንቁላሉና ሥጋው ለስንት ቀን እንደማይበላ ጠይቆ መመዝገብ የአርቢው ኃላፊነት ነው። በውኃ የሚበጠበጥ የቫይታሚን ዱቄት ግን በማሸጊያው ላይ በተጻፈው ልክ፣ በየቀኑ አዲስ ተዘጋጅቶ ሊሰጥ ይችላል።

መቼ ወደ ባለሙያ፣ መቼስ ማብቂያው?

በጭንቅላቷ ላይ የተመታች ወይም ቫይታሚን የጎደላት ዶሮ በቀናት ውስጥ የመሻሻል ምልክት ታሳያለች፤ ሙሉ ለሙሉ ማገገሙ ግን ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። አንድ ዓይኗ ብቻ የታወረ ዶሮም ከሌሎቹ ጋር ተላምዳ መኖር ትችላለች። በአንጻሩ ሁለተኛ ዶሮ ከታመመች፣ አረንጓዴ ተቅማጥ ወይም የትንፋሽ ማጠር ከታየ፣ አልያም ዶሮዎች በድንገት መሞት ከጀመሩ ሳይውል ሳያድር ለቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ማሳወቅ ግድ ነው። ወደ ሰው ሊተላለፍ የሚችለው የወፍ ጉንፋንም ከፈንግል ጋር የሚመሳሰል ምልክት ስላለው በጅምላ የሞቱ ዶሮዎችን በባዶ እጅ መንካትም ሆነ መብለት አይገባም።

መብላትና መጠጣት ካቆመች፣ መነሳት ካቃታትና በየቀኑ ከከሳች ስቃይዋን ማራዘም ደግነት አይሆንም። ባለሙያ አማክሮ ሕይወቷ ያለ ስቃይ እንዲያልፍ ማድረግ ይሻላል። በበሽታ የደከመች፣ መርዝ የነካት ወይም መድኃኒት ላይ ያለች ዶሮ ሥጋ ለምግብ አይውልም። በድኗም ለውሻ ወይም ወደ ወንዝ አይጣል፤ ከውኃ ምንጭ ርቆ፣ አውሬ በማያወጣው ጥልቀት ይቀበር ወይም ይቃጠል።

ክትባት ከሕክምና ይቀድማል

ፈንግልን የሚከላከል ክትባት በቢሾፍቱ በሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ይመረታል። ለገጠር አመቺ የሆነውና ሙቀትን ይበልጥ የሚቋቋመው ዓይነት በአንድ ዓይን አንድ ጠብታ የሚሰጥ ሲሆን በየሦስትና አራት ወሩ ይደገማል። ሰውነት መከላከያ እስኪያዳብር አንድና ሁለት ሳምንት ስለሚፈልግ ክትባቱ በሽታው መንደር ከገባ በኋላ የሚፈለግ አይደለም። የዝናቡ መግቢያና ዶሮ በብዛት ከቦታ ቦታ የሚንቀሳቀስበት የበዓል ሰሞን ከመድረሱ በፊት ማስከተብ ያስፈልጋል። በመጠጥ ውኃ የሚሰጥ ከሆነ ክሎሪን ያለበት የቧንቧ ውኃ ክትባቱን ስለሚገድለው ጥቅም ላይ አይውልም።

አንድ ብልቃጥ ክትባት ለበርካታ ዶሮዎች ስለሚበቃና ከተበጠበጠ በኋላ ለነገ ስለማይቀመጥ፣ ሦስት ዶሮ ላለው አንድ ቤት ብቻ መክፈት ብክነት ነው። ጎረቤቶች ተነጋግረው ዶሮዎቻቸውን በአንድ ማለዳ፣ ከቆጥ ሳይወርዱ፣ በጋራ ቢያስከትቡ ወጪው ይቀንሳል። በአጥር ሥር የሚያልፉ ዶሮዎች ድንበር ስለማያውቁ የአንዱ ጓሮ ጤና የሌላውም ነው፤ የታመመች ዶሮ ያለው ቤተሰብ ለጎረቤቱ ቀድሞ መናገሩም ከማንኛውም መድኃኒት በላይ መንደሩን ይጠብቃል።